ስኳር፣ ግፊትና ድብርት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቦርጭ ያወጣን ሰው "ተመችቶሃል!" እንለዋለን። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳርና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ሲጨምሩ፣ "ጥሩው ኮሌስትሮል" ደግሞ ሲያንስ ነገሩ ያሰጋል። ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል። ግፊት ከ130/85፣ ስኳር ከ100 ጀምሮ ይቆጠራል። ስለማያም፣ ካልተለኩ አይታወቅም። ከድብርት ጋርም ይመጋገባል፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል።

ሁለተኛው አረቄ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። "ለብርድ ነው" ተብሎ አንድ መለኪያ ይቀዳል፣ ይደገማል። ሙቀቱ ግን ከቆዳ አያልፍም፤ እንዲያውም የሰውነት ሙቀት ቶሎ ያመልጣል። እንቅልፍም ወዲያው ይወስዳል፣ ከዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብ እየደለቀ ያባንናል። ጠዋት ሰውየው ድብት ይላል። ማታ ድብርቱን ለመርሳት እንደገና ወደ መለኪያው። በዚህ መሃል ግፊቱም ትራይግሊሰራይዱም ይወጣል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን በአንዴ ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ሐኪም አማክሮ ይተው። ለብርዱ ወፍራም ጋቢና ስኳር ያልበዛበት አጥሚት አለ።

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሲሄዱ ኪኒን ቤት ትቶ መሄድም አለ። እባካችሁ፣ ኪኒኑ ከነጠላው ጋር ይታሰር። እየጠጡትም መጠመቅ ይቻላል። ጾሙን በተመለከተ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰዓቱንና መጠኑን ቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ስኳር በጣም ሲወርድ አደገኛ ነው።

"ጂም የለም" ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ገበያ በባጃጅ ሳይሆን በእግር። ስሜትንም ያነቃቃል።

የመጨረሻው ዝምታችን ነው። "ጋሼ፣ ኪኒንዎን ወሰዱ?" የሚል ልጅ ሞልቷል። "ጋሼ፣ ሰሞኑን ሀሳብ በዝቶብዎታል እንዴ?" የሚል ግን ጥቂት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የከፋው፣ የሚወደው ነገር ያስጠላው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ታሟል። ስኳሩን ሊያስለካ ሲሄድ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ክብደት ስለሚጨምር፣ የሚወስደውን ሁሉ ይዞ ሄዶ ያሳይ እንጂ በራሱ አያቋርጥ።