ድርሰት ማስጠናት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉ

ቤት ለቤት የሚያስጠና ሰው ሒሳብ ሲሆን ጥያቄዎቹን ማታ ሠርቷቸው ነው የሚሄደው። ድርሰት ሲሆን ግን ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ከች ይላል። አማርኛ ስለምንናገር ብቻ ድርሰት ማስጠናት የማያቅተን ይመስለናል መሰለኝ።

ስለዚህ ለተማሪው የምትሰጡትን ሥራ ሁሉ ቀድማችሁ ሥሩት። በስልክ ሳይሆን በደብተርና በእስክሪብቶ። እሱ 40 ደቂቃ ከተሰጠው እናንተም 40 ደቂቃ። ስልክ ላይ ያጠፋችሁት ጠፍቶ ይቀራል፣ ደብተር ላይ ግን ስርዝ ድልዙ እዚያው ይቀመጣል፤ የምትፈልጉትም እሱን ነው። ስትጨርሱ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጉ፦ የት ቆማችሁ ጣራ ጣራ አያችሁ፣ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ ጀመራችሁ፣ የት ላይ "ይብቃኝ" አላችሁ።

ለምሳሌ "የሰፈሬ ገበያ" የሚል ስዕላዊ ድርሰት እንውሰድ። ተማሪው "የሰፈሬ ገበያ በጣም ትልቅና ደስ የሚል ነው" ብሎ ይጀምርና ሁለተኛው መስመር ላይ ይነጥፍበታል። እናንተም ስትቀመጡ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ እሱው ነው፣ አትደንግጡ። ግን ከዚያ እንዴት እንደወጣችሁ ልብ በሉ። ምናልባት በርበሬ ተራ ስትደርሱ የሚያስነጥሳችሁ ትዝ ይላችኋል፣ ወይ ቲማቲም በመደብ በመደብ እየደረደረች ከጎረቤቷ ጋር የምትጨቃጨቅ ሴትዮ። ያ ያወጣችሁ ነገር ለተማሪው ጥያቄ ይሆናል፦ "በርበሬ ተራ ስትደርስ ምን ትሆናለህ?" ልጁ ይስቃል፣ ከዚያ ይጽፋል። "ዝርዝር ጨምር" የሚል ቀይ ጽሑፍ ግን ማንንም ሲያስጽፍ አላየሁም።

አመዛዛኝ ድርሰት ሲሆን የማታምኑበትን ወገን ይዛችሁ ጻፉ፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት እንደዚያ ነው። ግጥምም ሞክሩ፣ አራት መስመር ይበቃል። ቤት ለመምታት ብላችሁ ሐሳቡን የደፋችሁበትን መስመር ካገኛችሁ የተማሪውም የት እንደሚደፋ ቶሎ ይታያችኋል። የሞክሼ ፊደላት (እንደ ሀ እና ሐ ድምፃቸው አንድ የሆኑት) ነገር? አንዱን መንገድ ይዛችሁ እሱን ጠብቁ፣ ክፍለ ጊዜውን አትጨርሱበት።

ይሄ መቼም አዲስ ዘዴ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ (ማለትም ራሱ ደርሶ) ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቃናለታል። ሁለት ቤት (ሁለት መስመር) ካለው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ በደረጃ ይወጣል። እዚያ ራሱ የማይቆጥር ሰው የሌላውን ቅኔ ላርም ብሎ አይቀመጥም። እኛ ዘመናዊ ነን ብለን ነው መሰለኝ የተውነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የጻፋችሁትን "እንዲህ ጻፍ" ብላችሁ አትስጡት፤ ይገለብጠዋል፣ ወይም "እኔ እንዲህ አልችልም" ብሎ ይዘጋል። ማሳየት ካለባችሁ የተሰረዘውን ገጽ አሳዩት። አስጠኚውም ሦስት ጊዜ እንደሰረዘ ሲያይ የራሱን ስርዝ መደበቅ ይተዋል።

ርዕሱ እናንተኑ አርባውን ደቂቃ ካላስጻፋችሁ ደግሞ ጥፋቱ የርዕሱ ነው፣ ቀይሩት። "የክረምት ወቅት" የሚለውን "ጣራችን ያፈሰሰ ቀን" አድርጉትና እንደገና ሞክሩት።