እጅን ዝቅ ማድረግ መሸነፍ የማይሆንበት ቋንቋ፦ በእንግሊዝኛ የፉክክር ፈሊጦች የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የእግር ኳስ ዘገባ ሲተረጉም «ዊን ሃንድስ ዳውን» ከሚለው ፈሊጥ ደረሰና «ቡድኑ እጁን ሰጠ» ብሎ ጻፈ። አራት ለባዶ ያሸነፈው ቡድን በአንድ መስመር ተሸናፊ ሆነ። ልጁን አልወቅሰውም። በአማርኛ ከጦር ሜዳ የወረስነው የእጅ ፈሊጥ እጅ መስጠት ነው፤ እጁን ዝቅ አደረገ ሲባል የሚታየን መሣሪያውን ያስቀመጠ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ግን የመጣው ከፈረስ እሽቅድምድም ነው። ተፎካካሪዎቹን ጥሎ የሄደ ጋላቢ ፈረሱን መጎትጎት አያስፈልገውም፤ ልጓሙን አላልቶ እጁን ዝቅ እንዳደረገ መስመሩን ያልፋል። ስለዚህ ትርጉሙ «ያለ ብዙ ድካም ረታ» ነው። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ፈሊጦች አብዛኞቹ የዚያው ሜዳ ልጆች ናቸውና ቃል በቃል ከመተርጎም በፊት ፈረሶቹን በዓይነ ኅሊና ማየት ይጠቅማል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ስህተት ግን ገና ፈሊጥ ውስጥ ሳንገባ የሚጀምር ነው። «አሸነፈ» የሚለው ግሳችን ሰፊ ነው፤ ውድድሩንም፣ ተወዳዳሪውንም ያሸንፋል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል፤ «ዊን» ለጨዋታው፣ ለዋንጫውና ለምርጫው ሲሆን «ቢት» ለተጋጣሚው ነው። ስለ ተጋጣሚያችን «አይ ዎን ሂም» ብንል ሰሚው ሰውየው በዕጣ የደረሰን ይመስለዋል። ብዙዎቻችን «ቢት»ን የምንሸሸው በትምህርት ቤት «መታ» ተብሎ ስለተነገረን ነው። በዚሁ ምክንያት «ቢት ሰምዋን አት ዜር ኦውን ጌም» የሚለውን የድብደባ ወሬ የሚያደርጉት አሉ፤ ሰውን እርሱ ራሱ በሚመካበት ሙያ መርታት ማለት ነው።

«ኔክ ኤንድ ኔክ»ን «አንገት ለአንገት ተናነቁ» ብሎ መመለስም የተለመደ ነው። መተናነቅ ጠብ ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ጠብ የለበትም። የሁለት ፈረሶች አንገት እኩል ሆኖ ማን እንደሚቀድም አለመለየቱን ብቻ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የተደረገውን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ያየ ሰው ፈሊጡን በዓይኑ አይቶታል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ጎን ለጎን ተናንቀው ሳይሆን ተካክለው ሮጡ፣ ኃይሌ በ27:18.20፣ ቴርጋት በ27:18.29 ገቡ። ውጤቱ ራሱ ፍጹም እኩል ከሆነ ስሙ «ዴድ ሂት» ነው። እዚህ ላይ «ሂት» ሙቀት አይደለም፤ አንድ ዙር ውድድር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ በሴቶች 100 ሜትር ነፃ ዋና አሜሪካዊቷ ሲሞን ማኑኤልና ካናዳዊቷ ፔኒ ኦሌክሲያክ ሁለቱም በ52.70 ሰከንድ ገብተው ሁለቱም ወርቅ ወስደዋል።

«ዳርክ ሆርስ» ሲባል ክፉ ገድ የሚታያቸው ሰዎች ገጥመውኛል። «ዳርክ» እዚህ ጋ የፀጉር ቀለም ሳይሆን አለመታወቅ ነው፤ ተወራራጆቹ ምንም የማያውቁት ፈረስ። በእኛ ባህል ፈረስ የዝና መጠሪያ በመሆኑ ነገሩ ይበልጥ ይጠምብናል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ነው። የእንግሊዝኛው ፈረስ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስም የለውም። አሜሪካውያን ጄምስ ፖልክን እ.ኤ.አ. በ1844 በዚህ ፈሊጥ የሚያስታውሱት የዴሞክራቶች ጉባኤ ሲከፈት ማንም ያልጠበቀው ሰው በዘጠነኛው ዙር ድምፅ ዕጩ ሆኖ ስለወጣና በኋላም ፕሬዚዳንት ስለሆነ ነው። ፈሊጡ አንዴ ከታወቁ በኋላ አይሠራም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሰለፍ «ዳርክ ሆርስ» ነበር፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ዓለም ያውቀዋልና እንዲህ ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

«ጊቭ ሰምዋን ኤ ራን ፎር ዜር መኒ» ውስጥ ገንዘብ መፈለግ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባያሸንፍም አሸናፊውን ላብ በላብ ስላደረገ ሰው ነው። ቴርጋት በ1996 አትላንታ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ሲድኒ ላይ ብር ይዞ ተመለሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኃይሌን ያደረገው ይህንኑ ነው።