የፎርክሊፍት ጋዝ ሲሊንደር አቀያየር፦ ለጅማ ቡና መጋዘኖች

በመጀመሪያ ፎርክሊፍቱን ከመጋዘኑ አውጡት፣ ሹካውን መሬት አስነኩ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ሲጋራና ከሰል ምድጃ አጠገቡ አይኑር፤ የፍሳሽ ቦይም እንዲሁ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ፕሮፔን፣ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ካመለጠ ወለል ለወለል እየተሳበ ቦይ ውስጥ ይተኛል።

ሞተሩ እየሠራ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ። በቱቦው የቀረውን ጋዝ ጨርሶ ራሱ ይጥፋ፣ ከዚያ ቁልፉን ዝጉ። ይህን የዘለለ ሰው ቱቦውን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ ሲፈታ ፈሳሽ ጋዝ ይረጭበታል። ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ቅዝቃዜው ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል። ወፍራም ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ማያያዣውን ፈትታችሁ ባዶውን ሲሊንደር አውርዱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዲሱን ሲጭን ነው። 15 ኪሎ ጋዝ የሚይዝ የብረት ሲሊንደር ሲሞላ 30 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ለሁለት አንሱት። ከዚያ አንገትጌው ላይ ያለውን ቀዳዳ ከፎርክሊፍቱ ፒን ጋር አገናኙ። ይህች ፒን ጌጥ አይደለችም። ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ታች የታጠፈ ቧንቧ አለ፤ ፈሳሹን ከሥር የሚስበው እሱ ነው። ሲሊንደሩ ዞሮ ከተቀመጠ የቧንቧው ጫፍ ከፈሳሹ በላይ ይቀርና ጋዙ ሳያልቅ ሞተሩ ይጠፋል። የባሰው ደግሞ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ በፈሳሹ ውስጥ መዋሉ ነው፤ ያኔ የሚወጣው እንፋሎት ሳይሆን ፈሳሽ ጋዝ ይሆናል። ፒኑ የተሰበረበትን ፎርክሊፍት በገመድ አስሮ ማሠራት ሞኝነት ነው፤ አስጠግኑት። የወጥ ቤት ሲሊንደርም አይተካውም፤ የሚሰጠው ከላይ እንፋሎት እንጂ ፈሳሽ አይደለም።

የማያያዣውን ጎማ ቀለበት እዩ፤ ከተሰነጠቀ ቀይሩ። ማያያዣውን በእጅ አጥብቁ፤ ፒንሳ ጥርሱን ይበላዋል።

ቫልቩን በዝግታ ክፈቱ። በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ፍሰት ሲበዛ የሚዘጋው መከላከያ ይቆልፈውና ሞተሩ አልነሳ ይላል። ያኔ ዝጉት፣ ጥቂት ጠብቁ፣ እንደገና ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ ከነፋ ሞተር አታስነሱ።

ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ በሮቹን ዘግቶ መሥራት የተለመደ ነው። አደገኛ ልማድ ነው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታት የጀመረው ሠራተኛ ወዲያው ይውጣ። ቡናውም የጭስ ሽታ ይስባል። ቢያንስ ሁለት ትይዩ በሮች ክፍት ይሁኑ፣ 60 ኪሎዎቹ ጆንያዎች ከበሩ ራቅ ብለው ይደርደሩ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ለቆላ የተስተካከለ የጋዝና የአየር ድብልቅ እዚህ ጋዝ ይበዛበታል፤ መርዛማው ጭስም ይጨምራል። መካኒኩ ድብልቁን በጭስ መለኪያ እንዲያስተካክል ጠይቁ፤ በጆሮ ማስተካከል አይበቃም።