ስኳር ያለባቸውን አዛውንት ስናስታምም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

አዳማ ውስጥ እናቴን ማስታመም ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። መጀመሪያ ላይ የምፈራው ስኳሯ እንዳይወጣ ብቻ ነበር። ሻይዋን ያለ ስኳር አደረግኩ፣ ድግስ ቤት ሳህኗን ተቆጣጠርኩ። ይወርዳል የሚለው ግን አስጨንቆኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ድምፅ ሰምቼ ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ሕልም አይታ ነው ብዬ ላስተኛት ትከሻዋን ስይዝ ልብሷ በላብ ርሷል። ስኳሯን ለካኋት፤ 48 (ሚሊግራም በዴሲሊትር)።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። የእማዬ ሁኔታ ከተለወጠ መጀመሪያ እንለካለን። ምክንያቱን የምንፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

ግራ መጋባት፣ ንጭንጭ፣ ያልተለመደ ጸባይ

ወጣት ሰው ስኳሩ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል። አዛውንት ላይ ግን ብዙ ጊዜ መልኩ ሌላ ነው። ዝም ይላሉ፣ ያለ ምክንያት ይቆጣሉ፣ አንደበታቸው ይተሳሰራል፣ ይንገዳገዳሉ። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ይላል። ጎረቤት «ጸበል ውሰዷቸው» ይላል። ስትሮክም ሊመስል ይችላል። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይደብቁታል። ላቡን ግን አይደብቁትም። ስለዚህ እጃችሁን ማጅራታቸው ላይ አድርጋችሁ ዳስሱ።

ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳም ይሆናል፣ ስኳር የሌለው ዓይነት ካልሆነ። 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። ካልወጣ ድገሙት። ሲሻላቸው እንጀራ ወይም ዳቦ ይብሉ፤ ስኳሩ ብቻውን ብዙ አያቆያቸውም። መለኪያ ከሌለ ወይም ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) ካለቀ ወርዷል ብላችሁ ስኳሩን ስጡ። ወጥቶ ከነበረ ያቺ ሦስት ማንኪያ የከፋ ጉዳት አታመጣም። ወርዶ ዝም ከተባለ ግን ሰው ይሞታል።

ራሳቸውን ከሳቱ ወይም መዋጥ ካቃታቸው አፋቸው ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ትን ብሏቸው ወደ ሳንባ ይገባል። በጎናቸው አስተኟቸውና ባጃጅም ቢሆን የተገኘውን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ለምን ወረደ? እማዬ በዋዜማው ከለቅሶ ቤት ደክሟት መጥታ ሻይ ብቻ ጠጥታ ነበር። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የማታ የስኳር ክኒኗን ግን ውጣለች። ይህ ክኒን ሰው በላም አልበላም ስኳር ያወርዳል፣ ጉልበቱም አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። በዕድሜ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። በዚህ ክኒን የወረደ ስኳር አንዴ ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሄዶ መታየት ያስፈልጋል። «ለእሳቸው ዕድሜ ሌላ መድኃኒት ይሻል ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ጠይቀን ተቀይሮልናል።

ሌላው ጾም ነው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ ረመዳንን የሚይዙ አዛውንቶች መድኃኒታቸውን እንደ ወትሮው ከወሰዱ አደጋ ላይ ናቸው። ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ያነጋግሩ፤ መጠኑም ሰዓቱም ሊቀየር ይችላል። አትጹሙ ከተባሉ ደግሞ ከልጅ ይልቅ የሃይማኖት አባት ቃል ይሰማል። እኔ ስለምናት «እግዜር ያውቅልኛል» ትለኝ የነበረችው እማዬ የንስሐ አባቷ መጥተው ሲነግሯት በአንድ ቀን እሺ አለች። እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቅዷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የስኳር ግብ ለሁሉም አንድ አይደለም። ብዙ ሕመም ላለባቸውና ለደከሙ አዛውንት የሦስት ወሩ አማካይ ምርመራ ከ8 በመቶ በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። እንደ ወጣት ካላወረድነው ብሎ መታገል ለመውደቅና ለመሰበር ይዳርጋቸዋል። የእናንተን ሰው ግብ ሐኪሙ ቁጥር ጠርቶ ይንገራችሁ።

ሰውየው ደህና፣ ቁጥሩ ግን ሰማይ የነካ

ጣታቸውን እዩ። ማንጎ ወይም ብርቱካን ልጠው ከሆነ ጣት ላይ የቀረው ስኳር ቁጥሩን ያንረዋል። በሳሙና ታጥበው፣ በደንብ ደርቀው ድጋሚ ይለኩ። ስትሪፑ ጊዜው ያለፈበት፣ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ወይም ሙቀት የመታው ከሆነም አትመኑት።

ኢንሱሊኑን በሰዓቱ ይወጋሉ፣ ስኳሩ ግን አልወርድ አለ

መጠኑ ይጨመር ከማለታችሁ በፊት ብልቃጡን ተመልከቱ። ደፍራሳው ኢንሱሊን በመዳፍ መሃል ቀስ ብሎ ሲንከባለል ወተት የመሰለ እኩል ንጣት ሊኖረው ይገባል። እህል እህል የመሰለ ነገር ከተንሳፈፈበት ወይም ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ይጣል። ጥርት ያለው ዓይነት ደግሞ ከደፈረሰ አይሆንም።

አዳማ ሙቀቱ ቀላል አይደለም፣ መብራቱም ይሄዳል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤቱ አጠገብ ግን አታድርጉት። አንዴ ከበረደና ከቀለጠ ደህና ቢመስልም ተበላሽቷል። የተከፈተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። የተከፈተበትን ቀን በእስኪሪብቶ ጻፉበት። ፍሪጅ ለሌለው ቤት የሸክላ ዕቃ ትልቅ ባለውለታ ነው። ትንሿን ማሰሮ ትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሃሉን በአሸዋ ሙሉና አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡት። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላችሁ ውስጥ አድርጉት፣ ክፍት ጥላ ቦታ ላይ ይሁን። የአዳማ ነፋስ ደረቅ ስለሆነ ውሃውን ቶሎ ያተነዋል፣ ማሰሮውም ይቀዘቅዛል።

ብልቃጡ ደህና ከሆነ ቆዳቸውን ዳስሱ። እማዬ ከእምብርቷ በስተቀኝ እንደ ትንሽ ሎሚ የሚሞላ እብጠት ነበራት። እዚያ ሲወጋ ስለማያማት ለወራት ቦታ አልቀየረችም። እንዲህ ያበጠ ቦታ መድኃኒቱን በወጉ አያደርሰውም። ቦታ ይቀያየር፤ ሆድ ግራና ቀኝ፣ ጭን ግራና ቀኝ፣ በየጊዜው ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ እየተባለ። ግን ተጠንቀቁ። ደህና ቦታ ላይ ሲወጋ ኢንሱሊኑ በደንብ ስለሚሠራ ያው መጠን ስኳሩን ሊያወርደው ይችላል። እነዚያን ቀናት ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

ሽንት መብዛት፣ የደረቀ ምላስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት

ይህ ስኳር ሲወጣ ነው። አዛውንት ጥማቱ ስለማይሰማቸው ሳይጠጡ ይደርቃሉ። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን አለ፤ ሳንባ፣ ሽንት፣ እግር። እየፈዘዙ ከሄዱ፣ ወይም መለኪያው በቁጥር ፈንታ ከፍተኛ የሚል ምልክት ካሳየ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል። ሲታመሙ ምግብ አልበሉም ተብሎ ኢንሱሊን በራስ ሥልጣን አይቋረጥም፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ካስመለሳቸው ወይም ካስቀመጣቸው ሜትፎርሚን ስለሚባለው የስኳር ክኒንም ጠይቁ።

ካልሲው ላይ ደም፣ እግሩ ግን «ምንም አያመኝም»

አለማመሙ ራሱ ነው ችግሩ። ስኳር ነርቩን ስለጎዳው እግራቸው አይሰማም። ስለዚህ በየቀኑ ማታ መብራት ሥር ጣት መሃሉን፣ ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን እዩላቸው። ጫማቸውን ከማድረጋቸው በፊት ውስጡን በእጃችሁ ፈትሹ። እኛ ጋ ድካም ለማውጣት እግርን በሙቅ ውሃና ጨው መዘፍዘፍ ልማድ ነው፣ ሶደሬ ፍልውሃም ቅርብ ነው። ደንዝዞ የማይሰማ እግር ሲቃጠል አያውቅም። መዘፍዘፉ ይቅር፣ ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፣ ውሃውንም በክርናችሁ ሞክሩት። ጠንካራ ቆዳ በምላጭ አይነካ። ትንሽ ቁስል ካያችሁ እንኳ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

«ክኒኔን ውጫለሁ ወይስ አልዋጥኩም?»

እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትድገሙት። አንዴ ከቀረ ክኒን ሁለቴ የተዋጠው ይከፋል። ለክተሽ ጠብቂ ነው የምላት። አሁን ማዕድ ቤታችን ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ አለ፣ እስኪሪብቶ በክር ታስሮበታል። እማዬ በዋጠች ቁጥር ራሷ ትሰምርበታለች፤ ካልሰመረች ቡና አይፈላም።