ሳሎን ያለ ዲስክ ለመኝታ ቤት ቦርድ፦ ኤንቢዲን ከርነል ላይ መጨመር

መኝታ ቤቴ ውስጥ የክብሪት ቀፎ ሁለት እጥፍ የምትሆን ርካሽ ቦርድ (ባንድ ሰሌዳ ላይ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር) አለችኝ። የምትሠራው በሚሞሪ ካርድ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ካርድ በልታብኛለች። ዳታቤዝ ቀኑን ሙሉ ሲጽፍበት ሚሞሪ ካርድ አይከርምም። ሳሎን ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ደግሞ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ቦርዷ ያንን ዲስክ በኔትወርክ እንደ ራሷ አድርጋ ብትጠቀምበትስ?

ሊኑክስ ላይ ለዚህ የሚሆን ድራይቨር አለ። ኔትወርክ ብሎክ ዲቫይስ፣ ባጭሩ ኤንቢዲ ይባላል። ፓቬል ማኸክ የሚባል ቼካዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የጀመረው ነው። በኔትወርክ ዕቃ የሚያጋሩን ሳምባና ኤንኤፍኤስ የሚሰጡን ፋይል ነው። ኤንቢዲ ግን ስለ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለም። ንግግሩ «ከዚህ ባይት ጀምረህ ይህን ያህል አንብብልኝ፣ እዚህ ጋ ይህን ጻፍልኝ» ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ጥያቄውን በኔትወርክ፣ በቲሲፒ ይልካል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ይመልሳል። ከላይ ያለው፣ ፋይሎችን የሚያደራጀው ፋይል ሲስተም ዲስኩ ሳሎን ይሁን ሆዱ ውስጥ አያውቅም። የነገሩ ጥቅምም ጣጣውም ከዚህ ይመጣል።

ሶርስ ኮድ ወደ መገንባት (ኮምፓይል) ከመሮጣችሁ በፊት ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) ሆናችሁ «ሞድፕሮብ ኤንቢዲ» በሉ። (ትእዛዞቹን የጻፍኩት በፊደላችን ነው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን መሆኑን መቼም አትስቱትም።) ተርሚናሉ ዝም ካለ እሰየው፣ ድራይቨሩ አለ፤ ቀጥታ ወደ ሰርቨሩ እለፉ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። የእኔ ቦርድ ግን ሞጁሉን (ለብቻው የሚጫነውን የድራይቨር ፋይል) አላገኘሁም አለች። ፕሮክ ውስጥ ያለውን «ኮንፊግ ዶት ጂዚ»፣ ማለትም ከርነሉ ሲገነባ የተመረጡትን ነገሮች ዝርዝር፣ በ«ዚካት» ከፍቼ ኤንቢዲን ስፈልግ «ኢዝ ኖት ሴት» ይላል። አምራቹ ከርነሉን ሲያዘጋጅ ትቶታል።

አሁን ሶርስ ኮድ እንፈልጋለን። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ባክኖብኛል። ቦርዷ ላይ «ዩኔም ዳሽ አር» ስል 5.10 የሚል ቁጥርና ከኋላው የአምራቹ ቅጥያ ይወጣል። እኔ 5.10 ከሆነ 5.10 ነው ብዬ ዋናውን የሊኑክስ ሶርስ አወረድኩ። ሞጁሉ ያለ ችግር ኮምፓይል ሆነ። ቦርዷ ላይ ስጭነው «ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት»። እያንዳንዱ ሞጁል ውስጥ ቨርማጂክ የሚባል ጽሑፍ አለ፤ ለየትኛው ከርነል እንደተሠራ ይናገራል። ከርነሉ ያንን ከራሱ ጋር ያመሳክራል። በአንዲት ፊደል ቢለያዩ አያስገባውም። ልዩነቱን «ዲሜሴጅ» (የከርነሉ የመልእክት መዝገብ) ላይ ቁልጭ አድርጎ ይጽፈዋል፣ ግን እኔ መጀመሪያ አላየሁትም።

ስለዚህ የአምራቹን ሶርስ አውርዱ፣ ያውም ቦርዱ ላይ ያለውን ያንኑ ቅጂ። ሁለተኛው ወጥመድ የመደመር ምልክት ናት። ሶርሱን በጊት አውርዳችሁ አንድ ነገር ከነካካችሁ፣ የከርነሉ ግንባታ የስሪት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ የመደመር ምልክት ይለጥፋል። በቃ፣ ቨርማጂኩ ተበላሸ ማለት ነው። መፍትሔው «ሜክ» ስትሉ «ሎካልቨርዥን» የሚለውን ባዶ አድርጎ አብሮ መስጠት ነው። ይህቺን ያገኘኋት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የሆነ ሰው ቀደም ብሎ ነግሮኝ ቢሆን ቡና እጋብዘው ነበር።

ኮምፓይሉን ቦርዱ ላይ አትሞክሩት፣ አያልቅም። ላፕቶፕ ላይ ለአርም 64 (ለቦርዱ ፕሮሰሰር) የሚሆነውን ክሮስ ኮምፓይለር ጫኑ። ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ቢሲ፣ የኦፕን ኤስኤስኤልና የሊብኤልፍ ሄደሮች፣ ለሜኑው ደግሞ ኤንከርስስ ያስፈልጋሉ። ከቦርዱ ያወጣችሁትን ኮንፊግ «ዶት ኮንፊግ» ብላችሁ ሶርሱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ»፣ ቀጥሎ «ሜክ ሜኑኮንፊግ»። ዲቫይስ ድራይቨርስ ውስጥ ግቡ፣ ብሎክ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ኔትወርክ ብሎክ ዲቫይስ ሰፖርት የሚለው ላይ ኤም ተጫኑ። ዋይ ካላችሁ ድራይቨሩ ከርነሉ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ከርነሉን ራሱን መቀየር ሊኖርባችሁ ነው። ኤም ካላችሁ ለብቻው የሚጫን ፋይል ይሆናል። ካልሠራ ታጠፉታላችሁ፣ ቦርዱም እንደ ድሮው ይነሳል።

«ሎካልሞድኮንፊግ» የሚባለውን አቋራጭ የሚመክሯችሁ ሰዎች አሉ። በዚያች ቅጽበት የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ያጠፋል። ኤንቢዲ ገና ስላልተጫነ እሱንም ይጠርገዋል። ይቅርባችሁ።

አንዷን ሞጁል ብቻ ኮምፓይል ማድረግም ያጓጓል። ግን ሲምቨርስ የሚባለው ፋይል የሚገኘው ሙሉው ግንባታ ሲያልቅ ነው፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ሞጁሉ አልጫንም ሊል ይችላል። እኔ ሁሉንም አስገነባሁት። ላፕቶፔ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀበት። ምሳ በላሁ።

ሲያልቅ ድራይቨርስ ስር ካለው ብሎክ ፎልደር «ኤንቢዲ ዶት ኬኦ»ን ወስዳችሁ ቦርዱ ላይ ከሌሎቹ ሞጁሎች ጋር አስቀምጡት። «ዴፕሞድ ዳሽ ኤ»፣ ከዚያ «ሞድፕሮብ ኤንቢዲ»። ዴቭ ውስጥ ከኤንቢዲ 0 እስከ ኤንቢዲ 15 ድረስ 16 ባዶ ዲስኮች ተደርድረው ታያላችሁ። ቦርዱ በተነሳ ቁጥር እንዲጫን ሞጁልስ ሎድ ዲ ውስጥ ስሙን ጻፉ።

ዴስክቶፑ ላይ ኤንቢዲ ሰርቨርን በአፕት ጫኑ። እኔ 200 ጊጋ ባዶ ፋይል በ«ትራንኬት» ፈጥሬ ኮንፊጉ ላይ ስምና አድራሻ ሰጠሁት። የፋይሉን ባለቤት ሰርቨሩ ወደሚሠራበት ዩዘር መቀየር አትርሱ። የሚያዳምጠው 10809 ፖርት ላይ ነው። ያንን ፖርት በፋየርዎል ለቦርዱ አይፒ ብቻ ክፈቱት። ኤንቢዲ እንዲሁ ሲተከል የይለፍ ቃልም ምስጢራዊነትም የለውም። ግንኙነቱን የሚመሰጥር ቲኤልኤስ ማከል ይቻላል፤ ከቤት ውጭ የሚያልፍ ከሆነ ግዴታ ነው።

ቦርዱ ላይ ኤንቢዲ ክላይንትን በዴስክቶፑ አይፒ፣ በ«ዳሽ ኤን» (ትልቁ ኤን) የሰየማችሁትን ስምና ኤንቢዲ 0ን ሰጥታችሁ አስነሱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ በኤክስት 4 ፋይል ሲስተም ፎርማት አድርጉት፣ ከዚያ ማውንት (ከፎልደር ጋር ማገናኘት)። ኬብል ተጠቀሙ እንጂ ዋይፋይ አትሞክሩ። የቦርዴ ፖርት 100 ሜጋቢት ነው፤ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ያስተናግዳል፣ ለእኔ ዳታቤዝ ይበቃል።

አንድ ቀን ያንኑ ዲስክ ላፕቶፔ ላይም ከፈትኩት፣ ለማየት ብቻ፣ ሪድ ኦንሊ አድርጌ። ኤክስት 4 ግን ዲስኩ የእኔ ብቻ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ሪድ ኦንሊ ቢባልም ያልተጠናቀቀ ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ካገኘ ማውንት ሲደረግ ይጽፋል። ቦርዷ ወዲያ እየጻፈች፣ ላፕቶፑ ወዲህ። በማግስቱ ግማሹ ፎልደር የት እንደገባ አይታወቅም። ሁለት ማሽን ባንድ ጊዜ እንዲጽፍ ከፈለጋችሁ ለዚያ የተሠሩ እንደ ጂኤፍኤስ 2 ያሉ ፋይል ሲስተሞች አሉ። ካልሆነ አንድ ዲስክ፣ አንድ ማሽን። ማየት የግድ ከሆነ ሰርቨሩ ኮንፊግ ላይ «ሪድኦንሊ» ያለው ሌላ ስም ክፈቱና ማውንት ስታደርጉ «ኖሎድ» ጨምሩ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እህቴ ካውያ ልትሰካ የዴስክቶፑን ሶኬት ነቀለችው። ቦርዷ ፓወር ባንክ ላይ ስለሆነች አልጠፋችም፣ በሌለ ዲስክ ላይ መጻፏን ቀጠለች። «ዲሜሴጅ» በአይኦ ኤረር ተጥለቀለቀ፣ ፋይል ሲስተሙም ራሱን ወደ ሪድ ኦንሊ ቀየረ። መብራት ሲሄድም ያው ነው። አሁን ዴስክቶፑም ራውተሩም ስዊቹም አንድ ዩፒኤስ ላይ ናቸው። ክላይንቱንም «ፐርሲስት» በሚለው ምርጫ ነው የማስነሳው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ራሱ ተመልሶ ለመገናኘት ይሞክራል። ኤፍኤስታብ (ሲነሳ ማውንት የሚደረጉ ዲስኮች ዝርዝር) ላይ «ኔትዴቭ»ን ከፊቱ ካለችው የታች ሰረዝ (አንደርስኮር) ጋር፣ ደግሞም «ኖፌል» ጻፉ። አለበለዚያ ዴስክቶፑ ያልበራ ቀን ቦርዱ መነሳት አቅቶት ይንገታገታል።

ሲዘጋም ተራ አለው። መጀመሪያ ዳታቤዙን አቁሙ፣ ቀጥሎ አንማውንት፣ ከዚያ ኤንቢዲ ክላይንትን በ«ዳሽ ዲ» አላቁት፣ ዴስክቶፑ መጨረሻ ይጠፋል። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፌ ዴስክቶፑ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ እህቴ «ካውያ የት ይሰካ?» ብላ ጽፋበታለች።