ዳገት ላይ ጎማ ቢተነፍስ መኪናን በክሪክ እንዴት በሰላም ማንሳት ይቻላል?

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ ጎማ ቢተነፍስ፣ ክሪክ ለማውጣት አይቸኩሉ። ቀስ ብለው እየነዱ ሜዳ ቦታ ይፈልጉ። ጎማው ይበላሽ ይሆናል፣ ቸርኬውም ሊጎዳ ይችላል። ይሁን! ክሪክ የሚታመነው ሜዳ ላይ ነው።

ሜዳ ከጠፋ ግን ተሳፋሪ በሙሉ ይውረድ፤ ከመኪናዋ በቁልቁለቱ በኩልም ማንም አይቁም። የእጅ ፍሬን ይሳቡ። አፍንጫዋ ሽቅብ ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ቁልቁል ከሆነ የኋላ ማርሽ ያስገቡ። አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ።

ቀጥሎ ታኮ፣ ማለትም መኪናዋ እንዳትንከባለል ጎማ ሥር የሚሸጎጠው ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። «ፍሬን ይዣለሁ፣ ማርሽ አስገብቻለሁ፣ ምን ትሆናለች?» ትሄዳለቻ! እንደ ቪትዝ ያለች በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና አንድ የፊት ጎማዋ ከተነሳ ማርሹ አይዛትም። የተነሳው ጎማ አየር ላይ ሲሽከረከር፣ መሬት ያለው በዲፈረንሻሉ (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ በሚያስችለው ጥርስ) ምክንያት ነፃ ሆኖ ይንከባለላል። የእጅ ፍሬን ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ከኋላ አንዱን ካነሱ፣ ፍሬኑ የቀረው አንድ ጎማ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መሬት በሚቀሩት ጎማዎች ሥር፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ወፍራም እንጨት ወይም ጠርዝ ያለው ድንጋይ ይሸጉጡ። ድቡልቡል ድንጋይ አይሆንም።

ብሎኖቹን መኪናዋ ሳትነሳ ግማሽ ዙር ያህል ያላሏቸው። ከተነሳች በኋላ መፍቻውን መርገጥ ከክሪኩ ላይ ይጥላታል። ክሪኩን ከጎማው አጠገብ፣ ከበሩ ሥር ለዚሁ በተሠራው ቦታ ይግጠሙ። ኮብልስቶን ላይ ከሆኑ ጠፍጣፋ ጣውላ ያንጥፉለት። ትንሽ አንሥተው ይዩት፤ ክሪኩ ካዘመመ አውርደው እንደገና ያስተካክሉ። መንገዱ ወደ ጎን ያጋደለ ከሆነ ግን ይተዉት፤ ጎሚስታ ይጥሩ።

መጠባበቂያውን ጎማ ከመኪናዋ ሥር ያጋድሙት። ክሪኩ ቢያመልጥ እሱ ላይ ታርፋለች። እርስዎ ግን እጅዎም ሆነ ጭንቅላትዎ ሥሯ አይግባ።

ጎማውን ቀይረው ካወረዷት በኋላ ብሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ያጥብቁ። አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ሲይዝ ታኮውን ያውጡ። ድንጋዩንም ከአስፋልቱ ላይ ያንሡ፤ ማታ ለሌላ ሹፌር ጎማ ጠላት ነው።