የውሻን ሽንት ቀለም እንዴት ማየትና መረዳት ይቻላል

ጅማ ውስጥ አብዛኛው ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይፈታል። ስለዚህ ሲሸና የሚያየው ሰው እምብዛም የለም። ቢታይም ቀዩ አፈር ወዲያው ስለሚመጠው ቀለሙን መለየት አይቻልም። ሥራው የሚጀምረው ሽንቱን በዕቃ ከመቀበል ነው።

ጠዋት ውሻውን በገመድ ይዘው ያውጡት። ጓንት ያጥልቁ፤ ከሌለ እጅዎን በፌስታል ይሸፍኑ። ንጹሕና ደረቅ የሆነ፣ ዳግም ለምግብ የማይውል ነጭ ሳህን ያዘጋጁ። መጀመሪያ የሚወርደውን ትተው ቀጥሎ የሚመጣውን ይቀበሉ። ለሴት ውሻ ዝርግ ሳህን ከኋላዋ ቀስ አድርጎ ማስጠጋት ይበቃል። ከዚያ በጠርሙስ ብልቃጥ ገልብጠው በቀን ብርሃን ይዩት።

ጤነኛ ሽንት ጥርት ያለ ቢጫ ነው፤ የጠዋቱ ትንሽ ይጠቁራል። በጣም ከጠቆረ ውሃ ይስጡትና ከሰዓት በኋላ ደግመው ይመልከቱ። በክረምትም ቢሆን የታሰረ ውሻ ሳህኑን ደፍቶ ተጠምቶ ሊውል ይችላል።

ለቀናት እንደ ውሃ ነጭ ከሆነ የሚጠጣውን ይለኩ። ጠዋት በሊትር ለክተው ይሙሉ፣ በማግሥቱ የተረፈውን ይቀንሱ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ2 ሊትር በላይ ከጠጣ ኩላሊቱንና የደም ስኳሩን ማስመርመር ያስፈልጋል። የደፈረሰና የሚከረፋ ሽንት ደግሞ ብዙ ጊዜ የፊኛ ኢንፌክሽን ምልክት ነው።

ቀይ ከሆነ ብልቃጡን ሳይነቀንቁ ለጥቂት ሰዓታት ያስቀምጡት። ቀዩ ከታች ዘቅጦ ላዩ ቢጫ ሆኖ ከጠራ ደም ነው፤ ከፊኛ፣ ከጠጠር ወይም በወንድ ውሻ ከፕሮስቴት ዕጢ ሊመጣ ይችላል። ሴት ከሆነች የወሲብ ወቅቷ ደርሶ እየደማች እንዳይሆን ያረጋግጡ። ሁሉም እንደቀላ ከቀረ ግን ቀይ የደም ሕዋሳት በውሻው ሰውነት ውስጥ እየፈረሱ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የቡና ቀለም ያለው ሽንት ነው። ወዲያውኑ ጆሮውን፣ አንገቱንና የጣቶቹን መሀል ለመዥገር ይፈትሹ፤ ባቤዥያ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በመዥገር ተላልፎ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። ቀጥሎ ምን እንደበላ ያስቡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ መቀቀል መርዛቸውን አያጠፋውም፣ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል። የወጥ ትርፍራፊ ለውሻ መስጠት የለመደ ቤት ይህን ልማድ እንዲተው አጥብቄ እለምናለሁ።

ድዱንም ይዩ። ሮዝ መሆን ሲገባው ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን ይመልከቱ። ብርቱካንማ ሽንትና ቢጫ ድድ ጉበትን ይጠቁማሉ፤ ሌፕቶስፓይሮሲስም ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በአይጥ ሽንትና በተበከለ ውሃ ይተላለፋል፣ ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ ልጆችን ያርቁ፣ ሽንቱ የነካውን ወለል በበረኪና ያጽዱ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

እያማጠ ምንም ሽንት የማይወጣው ውሻ ቀለም እስኪታይ አይጠብቅም። ጠጠር መተላለፊያውን ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል ሌሊቱን ማሳደር አይገባም።

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በፍጹም አይስጡት። ብልቃጡን ከድነው፣ ከምግብ ለይተው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡና በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዘውት ይሂዱ። የተወሰደበትን ሰዓት ይጻፉበት። ሽንቱ እየቆየ ቀለሙ ስለሚለወጥ ትኩስ እያለ በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ባለፈው ሳምንት የበላውንና የተሰጠውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።